ቃጫ ላይ የተሰኩ ፊልሞች

ዛሬ ጠዋት በሩን ስከፍት ብርሃን ዓይኔን ወጋኝ። ብልጭ አለ፣ ጠፋ፣ ደሞ ብልጭ አለ። የመኪና መስታወት መሰለኝና ደነገጥኩ። እስከ ዛሬ እንደዚሁ ነኝ፤ መኪና ደጃችን የቆመ ከመሰለኝ የበሩን መቃን እይዛለሁ። ጠጋ ብዬ ሳይ ከበቆሎው መሃል ነው የሚመጣው። ሲዲ ነው። ወፍ እንዳይበላብን ብላ እናትሽ በቃጫ አስራ እንጨት ላይ የሰቀለችው። ነፋሱ ሲያዞረው ፀሐዩን እየቀለበ ፊቴ ላይ ይረጨዋል።

አንቺ ትላንት ከምታስተምሪበት ከዋጫ ስለመጣሽ ደክሞሽ ተኝተሽ ነበር። ቀሰቀስኩሽና አሳየሁሽ። ሳቅሽ። «አያቴ፣ የዚያን ዓመት ፊልሞች ደረጃ ታስታውሻለሽ? አንደኛ የትኛው ነበር?» አልሽኝ። አስታውሳለሁ አልኩሽ። «በይ ንገሪኝ፣ ልጻፈው» ብለሽ ደብተር አመጣሽ። አስተማሪ ከሆንሽ ወዲህ ደብተር አይጠፋሽም።

እሺ ጻፊ። ግን እንደነገርኩሽ ጻፊ። አታሳምሪው፣ አታስተካክዪው። ለምን እንደዚህ እንደምልሽ ቆይ ይገባሻል።

ያኔ አሥር ዓመትሽ ነው። እናትሽ አረብ አገር ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏል። ቲቪውንም ዴኩንም የገዛነው እሷ በላከችው ነው፤ ከጅማ ያስመጣችልን የሱቋ ሴትዮ ናት። ሱቋ ከኛ በታች መንገዱ ላይ ነው፣ ከወሎ የመጣች፣ ደግ ሴት። የእናትሽ ስልክ የሚመጣው እሷ ጋ ነበር። በወር አንድ ዓርብ። እኔና አንቺ ቀድመን ሄደን የስኳር ጆንያው ላይ ተቀምጠን እንጠብቃለን። ስልኩ ሲጮህ አንቺ ከጆንያው ላይ ትዘያለሽ።

መስቀል አለፈና ስልኩ ቀረ። ሥራ በዝቶባት ነው ተባባልን። በሁለተኛውም ወር ቀረ። በሦስተኛው ሴትዮዋ ገና ከሩቅ ስታየን ራሷን መነቅነቅ ጀመረች፣ እንዳንለፋ። «አብሽሪ እማማ፣ አላህ ያውቃል። ስልኳ ተበላሽቶ ይሆናል» ትለኛለች በተሰባበረ የኛ ቋንቋ። አፏ እንደዚያ ይላል፣ ዓይኗ ግን ከኔ ይሸሻል።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት በሩን ስከፍት መጀመሪያ በቀዳዳ ነበር የማየው። መርዶ በኛ ሰፈር በጠዋት ነው የሚመጣው፤ ሽማግሌዎች ሦስት አራት ሆነው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዝም ብለው። መንገዱ ባዶ ከሆነ ለዛሬ ተረፍን እላለሁ። አንቺን ቀሰቅስሻለሁ፣ ቆጮ እሰጥሻለሁ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው።

ፊልሙ የተጀመረው ያኔ ነው። ሲዲ የሚያከራየው ሰውዬ የተጫረውን አይጥለውም፣ ላንቺ ይሰጥሻል። ቅዳሜ ከሰዓት በቀሚስሽ እየጠረግሽው ይዘሽ ትመጫለሽ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ቤቱ የረጠበ ልብስና የቆጮ ኮምጣጣ ሽታ ይሸታል፣ ዴኩ ሲሞቅ ደሞ ፕላስቲክ ፕላስቲክ። ዛሬም የሞቀ ፕላስቲክ ከሸተተኝ ያቺ ክፍል ትመጣብኛለች። እኔ እንሰት ስፍቅ ውዬ እጄ እንደረጠበ እቀመጣለሁ። አንቺ ክንዴ ስር ትገቢያለሽ።

እኔ አማርኛ የት አውቄ! ስንት ነው፣ ቀንስ፣ አልፈልግም። የገበያ ብቻ። ስለዚህ እነሱ ሲያወሩ አንቺ በኛው ቋንቋ በካፊኖኖ በጆሮዬ ትነግሪኛለሽ። ሰውዬው ሲቆጣ ትቆጪኛለሽ። ሴቲቱ ስትለምን ትለምኚኛለሽ። ትንፋሽሽ የተጠበሰ በቆሎ ይሸት ነበር።

ሲያልቅ ደረጃ እንሰጣለን። ይሄን ያመጣሽው አንቺ ነሽ፣ በክፍል አንደኛ ሁለተኛ እንደሚባለው ብለሽ። እኔ ቃጫ ገመድኩልሽ። በሲዲዎቹ ቀዳዳ አስገብተን ምስማር ላይ ሰቀልነው። ከላይ ያለው አንደኛ፣ ከታች ያለው የማይረባ። አዲስ በመጣ ቁጥር ሁሉንም አውጥተን፣ ተጨቃጭቀን፣ እንደገና እንሰካለን።

«ይሄ ከዚያኛው ይበልጣል!» ትያለሽ።

«ምኑ ነው የሚበልጠው? ሰውዬው ሰካራም ነው።»

«አያቴ ደግሞ! መጨረሻ ላይ ተወ እኮ።»

«ሰካራም መጨረሻ ላይ ሲተው አይቼ አላውቅም። ወደታች አውርጂው።»

ያንቺ ደረጃ በምን እንደሚሠራ ቶሎ ነው የገባኝ። ሰው ወደ ቤቱ የተመለሰበት ፊልም ከላይ ይሆናል። የሄደው ካልተመለሰ ምን ቢያስቅ ከታች ነው። የኔን ደረጃ ግን አልነገርኩሽም። እኔ የምመዝነው በፍርሃቴ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ እጄን አያለሁ። ካልተንቀጠቀጠ ጥሩ ፊልም ነው። ያን ዓመት ከሠላሳ በላይ አየን። እጄ ያልተንቀጠቀጠበት ከአምስት አይበልጥም።

አንዱ የህንድ ነበር። ላምም ዝናብም ብዙ ዘፈንም ያለበት። ታስታውሻለሽ? አማርኛ የለውም፣ ከስር የሚሮጥ ጽሑፍ አለ፣ እሱም የፈረንጅ ነው። አንቺ ግን ምንም ሳትደናቀፊ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርሽኝ። እናትየዋ በባቡር ሄደች፣ መንገድ ላይ ወንዝ ሞልቶ ያዛት፣ ለዚህ ነው የቆየችው፣ ወንዙ ሲጎድል መጣች።

«ህንድኛ ደሞ የት ተማርሽ?» አልኩሽ።

«ትምህርት ቤት።»

«ቦንጋ ትምህርት ቤት ህንድኛ ያስተምራሉ?»

«አራተኛ ክፍል ላይ አለ፣ አያቴ። ዝም ብለሽ እይ።»

ሳቄን ዋጥኩት። ያን ቀን እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ሌላ ቅዳሜ፣ አንዲት ልጇን የምትፈልግ ሴት ፊልም መሃል ላይ መብራት ሄደ። ነገ እናያለን ብዬ ልነሳ ስል ቀሚሴን ያዝሽኝ። «መጨረሻውን አውቀዋለሁ፣ የክፍል ልጆች ነግረውኛል» አልሽ። ጥቁሩን ቲቪ እያየሽ ጨረስሽው። ልጇን አገኘችው፣ አቀፈችው፣ አብረው ቤት ገቡ። በማግስቱ መብራት ሲመጣ ከፈትነው። በጆሮዬ የምትነግሪኝ ያው የትላንቱ ነው። በዓይኔ የማየው ግን ሌላ። ሴትዮዋ መንገድ ዳር ብቻዋን ተቀምጣለች፣ ነጠላዋ መሬት ላይ ወድቋል፣ አታነሳውም።

«ልጇን አገኘችው አላልሽም? የታለ ታዲያ?»

«ቤት ውስጥ ተኝቷል።»

ነጠላ ወድቆ የማታነሳ ሴት ልጇን ያገኘች አይደለችም። ይሄን ለማወቅ አማርኛ አያስፈልግም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በአንድ ጆሮዬ አንቺን፣ በአንዱ እነሱን መስማት ጀመርኩ። አንቺ የምትዘያቸውን ቃላት ነው መጀመሪያ የያዝኳቸው። ጠፋች። አልመጣችም። ሞተች። ወሬ የለም። ይሄ አሁን የማወራሽ አማርኛ ከዚያ ነው የመጣው፣ ካንቺ ዝላይ።

ለምን ቆምሽ? ጻፊ።

አዎ፣ እሰማ ነበር። ከጥር ጀምሮ ትንሽ ትንሽ፣ ከፋሲካ ወዲያ ደህና አርጌ። አላወቅሽም። እንዳታውቂ ነው የያዝኩት። ጻፊ እንጂ።

ግንቦት ላይ ያን ፊልም ይዘሽ መጣሽ። የሳጥኑን። አንዲት ልጅ አረብ አገር ትሄዳለች። ገና ሻንጣዋን ስታስር ዝጊው ልልሽ ፈለግሁ፤ ለምን ብትይኝ ምን እላለሁ? እኔ የማላውቅ ነኝ። ተቀመጥኩ። መጨረሻ ላይ ከመኪና ሳጥን ወረደ። ረዥም ሳጥን። ሰው ሁሉ ደረቱን ይደቃል። በቲቪው አንዱ ሽማግሌ «አስከሬኗ ነው» አለ። አንቺ በጆሮዬ፦ «ስጦታ ነው። ከአረብ አገር ያመጣችው ልብስ ነው፣ ለእናቷ፣ ለሁሉም።»

«ለምን ያለቅሳሉ ታዲያ?» አልኩሽ።

«በደስታ ነው።»

«እሷስ የታለች?»

«ከኋላ በሌላ መኪና እየመጣች ነው።»

ያን ፊልም አንደኛ አረግሽው። ክርክር የለም፣ ከላይ። እኔ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ይቺ ልጅ አንድ ነገር ሰምታለች፣ ከኔ እየደበቀች ነው፣ ብዬ። ሲነጋ ወደ ሱቋ ሴትዮ ሮጥኩ። «ወላሂ ምንም አልሰማሁም እማማ» አለችኝ። ምንም አለመስማቷ ይበልጥ አስፈራኝ።

ሰኔ ላይ አንድ ሰውዬ መጣ። ከወረዳው ቢሮ፣ በሞተር፣ ክላሰር በብብቱ ይዞ። ልጅ እግር ነው፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ጫማው በጭቃ ተለውሷል። እኩለ ቀን ነበር፣ ብቻውን ነው። በጠዋት ካልመጣ፣ ብቻውን ከሆነ፣ መርዶ አይደለም እያልኩ እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። በርጩማ ሰጠሁት። አልተቀመጠም።

«አያትሽ አማርኛ ይሰማሉ?» አለሽ።

«አይሰሙም።»

እኔ ፊቴን እንደ ድንጋይ አረግሁት። እሱም ላንቺ ተናገረ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «እናትሽ ተገኝታለች። በሕይወት አለች። ግን ታማለች። ታስራ ነበር፣ ከዚያ ሆስፒታል አስገቧት። አትናገርም፣ ሰውም አታውቅም። ከሌሎች በሽተኞች ጋር ትመለሳለች። ቤተሰብ አዲስ አበባ ሄዶ መቀበል አለበት። ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው፣ እንዳይደነግጡ።»

አንቺ ወደኔ ዞርሽ። ፊትሽ ነጭ ሆኗል፣ ከንፈርሽ ግን ይስቃል። ያ በፊልም ጊዜ የምታወጪው ድምፅ መጣ። «አያቴ፣ እናቴ ደህና ናት ይላል። ስጦታ ስትገዛ ነው የቆየችው። ልትመጣ ነው። ትንሽ ደክሟታል፣ አዲስ አበባ መጥታችሁ ተቀበሉኝ ብላለች።»

ምን ላርግ? እልል አልኩ። ሰውዬው ክው አለ።

«ምንድነው ያልሻቸው?»

«በሕይወት አለች አልኳቸው» አልሽው። አልዋሸሽም።

ሞተሩ ሲርቅ አንቺ ከቤቱ ጀርባ ሄድሽ። በመስኮት አየሁሽ። እንሰቱን ተደግፈሽ አስመለሰሽ። ዝናቡ ጀርባሽ ላይ ይወርዳል። አፍሽን በቅጠል ጠረግሽ፣ ፊትሽን በሁለት እጅሽ አሸሽው፣ እንደ ሊጥ፣ ሳቅ እስኪይዝልሽ። ከዚያ እያንጎራጎርሽ ገባሽ።

መውጣት ነበረብኝ። ሄጄ ማቀፍ ነበረብኝ። ፈራሁ። አውቃለሁ ካልኩሽ ያ የያዝሽው ነገር ከእጅሽ ይወድቅና ሁለታችንም ላይ ይሰበራል ብዬ። የአሥር ዓመት ልጅ አሸክሜ እኔ ዝም አልኩ። ይሄንን ጻፊው። ይሄን በተለይ ጻፊው።

ወንድሜ አዲስ አበባ ሄዶ ነሐሴ ላይ ይዟት መጣ። መኪናው ደጃችን ቆመ። ለቅሶ እንዳያመልጠኝ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር። ወረደች። ፀጉሯ ተቆርጧል፣ እጇ ላይ አንዲት ፌስታል ብቻ። አንቺን አየችሽ፣ እኔን አየችኝ፣ መንገደኛ አጥር እንደሚያይ። «ደክሟት ነው» አልሽኝ፣ ማንም ሳይጠይቅሽ። «አዎ፣ ደክሟት ነው» አልኩሽ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር ከዚያ ዓመት ሁሉ የባሰ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳ አርጋ ቆማ ነው የምትበላው። ስልክ ሲጮህ አልጋ ስር ትገባለች። በር ከተዘጋ ትጮሃለች፤ ስለዚህ በሩን ክፍት አርገን መተኛት ጀመርን፣ ጅብ ባለበት አገር። ከጫካው የጉሬዛ ድምፅ ሲመጣ ብቻ ቀና ትላለች፣ ታዳምጣለች፣ ከዚያ ደሞ ትጠፋለች። ቃል ከአፏ አልወጣም። ልጄ ቤቴ ገብታ ልጄን እፈራት ነበር። ስሟን ጠርቼ ዞር ስትል ማንን አገኛለሁ ብዬ።

መስቀል ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት፣ ቅዳሜ፣ ዝናብ፣ ተነሳሽና ከቃጫው ላይ የላይኛውን አወጣሽ። አንደኛውን። እናትሽ ጥግ ላይ፣ ፊቷ ወደ ግድግዳ። እነሆ አረብ አገር የሄደች ልጅ፣ ሻንጣ፣ ሳጥን! ተይ እንዳልልሽ እኔ ታሪኩን የማውቀው ባንቺው አፍ ነው፤ ባንቺ አፍ ደግሞ ደስ የሚል ፊልም ነው። ከፈትሽው። ክንዴ ስር ገባሽ። መንገር ጀመርሽ። እኔ ፊልሙን አላየሁም፣ የሷን ጀርባ ብቻ ነበር የማየው። ሻንጣው ሲታሰር ትከሻዋ ተሰበሰበ። እመቤቲቱ ስትሰድባት ጣቶቿ ግድግዳውን ጫሩ። ልትጮህ ነው አልኩ። ልትሮጥ ነው አልኩ።

ሳጥኑ ወረደ። ሽማግሌው ተናገረ። አንቺም፣ ድምፅሽ ትንሽ ተንቀጠቀጠ እንጂ፣ «ስጦታ ነው። በደስታ ነው የሚያለቅሱት» አልሽ።

«እንደዚያ አላሉም።»

ከግድግዳው የመጣ መሰለኝ። ደረቅ፣ ዝገት የበላው ድምፅ። በካፊኖኖ።

«ሞታለች ነው ያሉት። ለምንድነው አያትሽን የምትዋሻት?»

አንቺ ከክንዴ ስር ሳትወጪ፣ ቀስ ብለሽ፣ «አያቴ ትፈራለች» አልሽ።

እናትሽ ዞረች። መጀመሪያ አንቺን አየችሽ፣ በደንብ፣ ከፀጉርሽ እስከ እግርሽ፣ ስንት እንዳደግሽ እንደሚለካ ሰው። ከዚያ እኔን። የኔን ፊት እሷ አወቀችው መሰለኝ፤ ሁሉንም እንደምሰማ ያወቀችው እሷ ብቻ ናት። መጥታ በዚያኛው ጎኔ ተቀመጠች። እጇ እንደ በረዶ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ተነስታ በሩን ዘጋችው። ራሷ።

ከዚያ ወዲያ ቀስ በቀስ መጣች። ሁሉም አልመጣም። አሁንም ስልክ አትይዝም፣ አሁንም ከሰው መሃል አትገባም። ግን እንሰቷን ትፍቃለች፣ በቆሎዋን ትጠብቃለች። ያ የሚያበራው ሲዲ የትኛው እንደሆነ አላወቅሽም አይደል? የሳጥኑ ነው። ራሷ መርጣ አወጣችው። ከስንቱ መሃል ለምን እሱን አልኳት። «ይሄ ያስፈራል» አለችኝ።

ግን አንድ ነገር ቀረ። ከዚያን ቀን በኋላ አንቺ ፊልም ነግረሽኝ አታውቂም። የምትነግረኝ እናትሽ ሆነች። ያሉትን ያለ ጭማሪ፣ ሞተ ካሉ ሞተ። አንቺ ከፊታችን መሬት ላይ ተቀምጠሽ ዝም ብለሽ ታያለሽ። አስተማሪው ጎበዝ ናት አለ፣ ክፍል አለፍሽ፣ ሌላ ክፍል አለፍሽ። ጆሮዬ ስር የሚሸተው የበቆሎ ጥብስ ቀረ። እናትሽን ባገኘሁ ጊዜ አንቺ አሥር ዓመት መሆንሽን ተውሽ።

በይ፣ ደረጃውን ጻፊ። ሰካራሙን የትም አርጊው፣ አሁንም አላምነውም። ነጠላዋ የወደቀባት ሴት ከመሃል ትሁን። አንደኛ ግን የህንዱን አርጊ። አዎ፣ ላሙንና ዝናቡን። ሌላውን አብዛኛውን እየሰማሁ ነው ያየሁት፣ አንቺ ስታሳምሪው እያወቅሁ፣ እየፈራሁ። የህንዱ ላይ ምን እንዳሉ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ወንዙ ሞልቶ ያዛት አልሽኝ፣ አመንኩሽ። ሲጎድል መጣች አልሽኝ፣ አመንኩሽ።

ተይ አታልቅሽ፣ ወረቀቱ ይበላሻል። ዴኩ ከሞተ ቆይቷል፣ አውቃለሁ። የህንዱን ያኔ መብራት ሲሄድ እንዳረግሽው ንገሪኝ። ደብተሩን ዝጊና ነይ፣ እዚህ ክንዴ ስር ግቢ። እናትሽንም ከበቆሎው ጥሪያት፣ ዝናቡ ሊጀምር ነው። አይዞሽ፣ አታርምሽም። እሷም ህንድኛ አታውቅም።